አባዬ፣ የጎን መቀመጫውን አስቆረጥኩት

ውዱ አባቴ፣ አላህ ማረፊያህን ሰፊና ብርሃን ያድርግልህ።

አንተ ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው ረመዳን ገባ። የአምናው ረመዳን ቤቱ ገና ሐዘን ላይ ስለነበር እንዴት እንደጾምነው እንኳ በቅጡ አላስታውሰውም። ዘንድሮ ትንሽ ሰው ሆነናል። እማዬ ደህና ናት። ፍየሏ ጎመኑን ስትበላ አንተ ትሰድብበት የነበረውን ስድብ አሁን እሷ ትሰድብበታለች፤ አንድ ቃል ሳታጎድል፣ ድምፅዋንም እንዳንተ አወፍራ። ወንድሜ ሙሀመድ አሁንም ዓረብ አገር ነው። በየጁምዓው ይደውላል፤ "እመጣለሁ" ይላል፤ መቼ እንደሆነ ግን አይናገርም። የብየዳ ቤትህን ከማል የሚባል የወግዲ ሰው ተከራይቶ በርና መስኮት ይሠራበታል። ደህና ሠራተኛ ነው። ብቻ እንዳንተ አያንጎራጉርም፤ ስልኩን ከፍቶ ዜና እያዳመጠ ነው የሚበይደው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ዋናውን ነገር ለመናገር ስለፈራሁ ነው። አባዬ፣ ሞተርህ ላይ የነበረውን የጎን መቀመጫ አስቆረጥኩት። ሙሀመድ ተገጣጣሚ ዕቃ ገዝቶ ላከልኝ፤ አሁን ሞተሩ ከኋላ ሁለት ጎማ አለው፤ የምነዳውም እኔ ነኝ። ደስ ብሎኛል። ደስ ማለቱ ነው ግራ ያጋባኝ። ለማን እንደምነግረው ስላጣሁ ለአንተው ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ያንን መቀመጫ ስትሠራው አስታውሳለሁ። እግሮቼ በልጅነቴ በያዘኝ በሽታ ከሰነፉ በኋላ፣ ትምህርት ቤት የምታደርሰኝ በጀርባህ አዝለህ ነበር። እየከበድኩ ስሄድ ያገለገለ ሞተር ገዛህ። ከኋላ አስቀምጠህ ሞከርከኝ፤ እግሬን መርገጫው ላይ ማጽናት ስላቃተኝ ተንሸራትቼ ወደቅኩ። በማግስቱ ከወገቤ እስከ ተረከዜ በሲባጎ ለካኸኝ። ከተጣለ አልጋ ብረት ቆረጥክ፤ ከተገለበጠ ሚኒባስ የተነቀለ ወንበር አመጣህ፤ ከጭነት መኪና ሞላ ቁራጭ አስገባህበት። ሦስተኛውን ጎማ ከየት እንዳገኘኸው ዛሬም አላውቅም። ሲያልቅ መንደርተኛው ሁሉ ሊያይ መጣ፤ አንተ ግን ሰውን ትተህ "ጉልበትሽን ይነካሻል?" እያልክ እኔን ብቻ ትጠይቅ ነበር። ጥቂት ነክቶኝ ነበር። "አይነካኝም" አልኩህ። አላመንከኝምና ፈትተህ እንደገና ሠራኸው።

ከዚያ ወዲያ በረዘምኩ ቁጥር ሲባጎው ይወጣል። ሳድግ መቀመጫው አብሮኝ አደገ። አንድ ነገር ሲያልቅበት ሌላው ሰው ደሴ ልኮ ያስመጣል፤ አንተ የውኃ ቧንቧ ቁራጭ አንስተህ በሞረድ ትፍቃለህ። ጎረቤትህ ሞተር ጠጋኙ ጋሽ ታደሰ "እባክህ የፋብሪካውን ግዛና እንረፍ" ሲሉህ፣ የምትመልሰው ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ "የተገዛው እሷን አያውቃትም።"

በዚያ መቀመጫ አሥረኛ ክፍል ጨረስኩ። ደሴ ኮሌጅ ተምሬ ስመለስም፣ የመደቡኝ ትምህርት ቤት ከከተማ ወጣ ብሎ በከላላ አቅጣጫ ስለነበር፣ እንደገና አንተና እኔ ጠዋት ወጥተን ከሰዓት መመለስ ጀመርን። ወንበሬ ዝቅ ያለ ስለነበር ከጎንህ ስቀመጥ ዓይኔ የሚያርፈው ጫማህ ላይ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ሸራውን ለእኔ ትሸፍንና አንተ ትበሰብሳለህ። ተማሪዎቼ ከሩቅ የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ "ቲቸር ሀዋ ከነአባቷ መጣች" እያሉ ወደ ክፍል ይሮጣሉ። ከነአባቷ። አንዳንድ ቀን ይህ ቃል ያኮራኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ አንገቴን ያስደፋኝ ነበር፤ ይህንንም ነግሬህ አላውቅም።

ስልኬ ላይ ያንን ቪዲዮ ያሳየሁህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? እንደኔ እግሮቿ የማይታዘዟት ሴት፣ ከኋላ ሁለት ጎማ ያለው ሞተር ላይ ተቀምጣ ማርሹንም ፍሬኑንም በእጇ እያንቀሳቀሰች ትነዳለች። ስልኩን ከእጄ ወስደህ ደጋግመህ አየኸው። የዕቃውን ጀርባ የምታይ ይመስል ስልኩን ገለበጥከው፤ አሳቀኝ። ብዙ ጥያቄ ጠየቅከኝ። ማርሹ ከምን ጋር ነው የተያያዘው? አክስሉን ምን ይዞታል? ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ይችላል? ልትስማማ ነው ብዬ ተስፋ አደረግኩ። መጨረሻ ላይ ስልኩን መለስክልኝና "ቡሎኑ ለስላሳ ብረት ነው። በካርቶን ታሽጎ ለመጣ ብረት ልጄን አደራ አልሰጥም" አልክ።

"አባዬ፣ እኔ እኮ ትልቅ ሰው ነኝ፤ አስተማሪ ነኝ" አልኩህ።

"እኔስ ታዲያ ምን ልሠራ ነው?" ብለህ ሳቅክ።

እኔም አብሬህ ሳቅኩ። ነገሩ በዚያው ቀረ። ዛሬ ያንን ሳቅህን አምጥቼ አምጥቼ አየዋለሁ። ሳቅ ብቻ ነበር?

የሄድክበትን ቀን አንተ አታውቀውም፤ እኔ ልንገርህ። ከሰዓት ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ እንደወትሮዬ ግንቡ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩህ። ቆየህ። ተናደድኩ። የሚያስቀይምህን አንድ ሁለት ነገር ልናገርህ በልቤ አዘጋጅቼ ነበር። የሞተርህ ድምፅ ሲሰማኝ ፊቴን አዞርኩ፤ መልሼ ሳይ ግን የሚነዱት ጋሽ ታደሰ ናቸው። ሞተሩን ሳያጠፉ "አባትሽን ትንሽ አሟቸው ነው፣ ነይ እንሂድ" አሉኝ። ወጣሁ። ቀስ ብለው ነበር የሚነዱት፤ ጉድጓዱን ሁሉ እየዞሩ፣ ቁልቁለቱን በእግራቸው እየያዙ። የታመመ አባት ዘንድ የሚያደርስ ሰው እንደዚያ አይነዳም። ግማሽ መንገድ ላይ ገባኝ። ከጎኔ የነበረው ጫማ የሌላ ሰው ጫማ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በሰው እርዳታ ገፋሁት። ጋሽ ታደሰ ሥራቸውን እየዘጉ ያደርሱኝ ነበር፤ ደንበኛ ሲበዛባቸው ግን ይቀራሉ፤ እኔም ማስቸገሩ ከበደኝ። በሰው ሞተር ከኋላ ታስሬም ሄጃለሁ። ክረምት ሲገባ ጭቃ ላይ ወድቀን ክራንቼ ተሰበረ። እማዬ "ሥራው ይቅርብሽ፣ አላህ ከነጭራሹ አይጥለንም" ማለት ጀመረች። ርዕሰ መምህሩም ሳያስቀይሙኝ ዝውውር እንድጠይቅ መከሩኝ። ሙሀመድ ይህን ሲሰማ ጊዜ አልፈጀም። አዲስ አበባ ላለው የአክስታችን ልጅ ገንዘብ ላከለት፤ እሱም ዕቃውን ገዝቶ በጭነት መኪና ላከው።

ካርቶኑ ጋሽ ታደሰ ቤት ደጃፍ ላይ ተከፈተ። ሁለት ጎማ፣ አክስል፣ የእጅ ማርሽ፣ የእጅ ፍሬን፣ በላስቲክ የታሰረ ቡሎን፣ እንዴት እንደሚገጠም የሚያሳይ ሥዕል ያለበት ወረቀት። ሁሉም ያብረቀርቃል። ከእኛ ሰፈር ብረት እንደዚያ አብረቅርቆ አያውቅም። ጋሽ ታደሰ ወረቀቱንና ሞተሩን እያዩ ሲያገላብጡ ቆዩና ፊታቸው ተለወጠ። ዕቃው የሚታሰርበት ቦታ አንተ የጎን መቀመጫውን ያሰርክበት ቦታ ነው። እሱን ለመፍታት ቁልፍ አነሱ፤ አይፈታም። በቡሎን ካሰርከው በኋላ በላዩ በይደህበታል።

"መቁረጥ ነው ያለብን" አሉ።

እማዬ ወሬው ደርሷት መጣች። ሻርፗን እንኳ በቅጡ ሳታስር ነበር የመጣችው። "አይቆረጥም! የእጁ ሥራ ነው። ሌላ ሞተር ይግዛላት እንጂ ይሄ አይነካም!" ብላ መቀመጫው ላይ እጇን ጣለች። ጋሽ ታደሰ ቁልፉን አስቀምጠው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ያኔ ነው የማላውቀውን ነገር ያወጡት።

"ወላሂ እኔ ነኝ የማውቀው" አሉ። እሳቸው ክርስቲያን ሆነው ወላሂ ሲሉ አንተ ትስቅባቸው ነበር። ለሞተር ካቴና ግዢ አብራችሁ ደሴ በሄዳችሁ ጊዜ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ እንደዚህ ያለ ዕቃ የተገጠመለት ሞተር ቆሞ አይተህ ገባህ። ላዩ ላይ ተቀመጥክ። የእጅ ፍሬኑን ትይዛለህ ትለቃለህ፤ ትይዛለህ ትለቃለህ። ባለሱቁ ገዢ መስለኸው ሻይ አዘዘልህ። ከዚያ ተነስተህ ወጣህ፤ እስከ መካነ ሰላም ድረስ አንድ ቃል አልተነፈስክም። "ሊገዛላት ነው ብዬ ነበር የጠበቅኩት" አሉ ጋሽ ታደሰ።

"ለእኔ የነገረኝ ሌላ ነው" አለች እማዬ። "'መንገድ ላይ ብትወድቅ ማን ያነሳታል?' ነው የሚለው። ደግሞ አንድ ቀን 'እሱን ካገኘች እኔን ምን ታደርገኛለች' ብሏል።" ይህን ስትል እኔን አላየችኝም።

ከማል ከብየዳ ቤቱ ወጥቶ ሲሰማ ነበርና ተመልሶ ገብቶ አንድ ብረት ይዞ መጣ። ቤቱን ሲረከብ ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ ታስሮ ያገኘው፣ አንተ የመጨረሻ ጊዜ ስትሠራበት የነበረ ብረት ነው። ክንድ ያህል ርዝመት አለው፤ ጫፉ ታጥፏል፤ አንድ ቀዳዳ ተበስቷል፤ ሁለተኛው ቀዳዳ ተጀምሮ ቀርቷል። ጋሽ ታደሰ ከእጁ ነጠቁት። "የእጅ ማርሽ ነው! ይኸው! ራሱ ሊሠራላት ነበር! የተገዛውን አይቶ ልኩን ይዞ ነው የመጣው!" አሉና እንባቸው መጣ።

ከማል ግን ራሱን አከከ። "ጋሽዬ አይቆጡኝና፣ ይሄ የግቢ በር መሸጎሪያ ነው። እኔም እንደዚህ ነው የማጥፈው" አለ።

ሞተሩ ላይ አስጠግተን ለካነው። ለማርሽ ይረዝማል። በር ላይ አስጠጋነው፤ ለመሸጎሪያ ያጥራል። እማዬ ተቀብላ አገላበጠችውና "ኧረ እኔ አላውቅም፤ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው" ብላ መለሰችልኝ። አባዬ፣ በሕይወትህ ብዙ ነገር ሠርተህልኛል፤ ሁሉንም አይቼ ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ይህን አንዱን ግን አላወቅኩትም። ማርሽ ከሆነ፣ ልትለቀኝ ነበር ማለት ነው። መሸጎሪያ ከሆነ ደግሞ የሰው በር ነው፤ ከእኔ ጋር ነገር የለውም። ብረቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጬ፣ እንዲህ ቢሆን እንዲህ ነው፣ እንዲያ ቢሆን እንዲያ ነው እያልኩ ስመላለስ ሦስቱም የእኔን አፍ ይጠብቁ ነበር።

በዚያ ሳምንት ትምህርት ቤት የደረስኩት አንድ ቀን ብቻ ነበር። ስድስተኛ ክፍሎች ፈተና ደርሶባቸዋል። እውነቱን ልንገርህ፣ ስለአንተ አስቤ አልወሰንኩም። ስለ ፈተናው አስቤ ነው "ቁረጡት" ያልኩት።

ከማል የብረት መቁረጫውን ግራይንደር አመጣ። ብየዳህ እምቢ አለ። ፍንጣሪው እስከ መንገዱ ይረጫል፤ አንዱ ዲስክ አለቀ፣ ሌላ ተካ፣ እሱም አለቀ። ጋሽ ታደሰ ተናደው "ይሄ ሰውዬ ለዘላለም ነው እንዴ የበየደው!" አሉ፤ ካሉ በኋላ ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ ሌላ ዞሩ። እማዬ ትታን ትሄዳለች ብዬ ነበር። አልሄደችም። የመጨረሻው ብረት ሊለቅ ሲል ሮጣ መጥታ መቀመጫውን ከሥሩ ያዘችው። መሬት እንዳይነካ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ከከበዳት ጋር እየታገለች ቀስ አድርጋ አወረደችው።

የተገዛው ዕቃ ቢሆንም ዝም ብሎ አልገጠመም። ወረቀቱ የሚለው ሌላ፣ ብረቱ የሚለው ሌላ ሆነ። ጋሽ ታደሰ ቀዳዳዎቹን እንደገና በሱ። የፍሬኑ እጀታ ከጣቴ ስለራቀ ከማል አሙቆ አጎበጠልኝ። ቡሎኖቹ ደግሞ አንተ እንዳልከው ለስላሳ ሆነው ጥርሳቸው አለቀ፤ በጠንካራ ቀየርናቸው። ያን ጊዜ ጋሽ ታደሰ ወደ ሰማይ ቀና ብለው "በዚህስ ልክ ነበርክ" አሉህ። ሰምተሃቸው ይሆን?

መንዳት ሊያስተምሩኝ ሜዳው ላይ ከጎኔ ሊሮጡ ተዘጋጁ። ፍሪሲዮኑን ያዝኩ፤ ለቀቅኩ፤ ነዳጅ ሰጠሁ። "ሁለተኛ አስገቢ" ሊሉኝ አፋቸውን ሲከፍቱ አስገብቼ ነበር። ድምፁን አውቀዋለሁ አባዬ። ሞተሩ መቼ እንደሚጨነቅ፣ መቼ እንደሚተነፍስ ያን ሁሉ ዓመት ከጎንህ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ጫማህ ማርሹን መቼ እንደሚረግጥ በዓይኔ ተከትያለሁ። ጋሽ ታደሰ መሮጣቸውን ትተው ሜዳው መሃል ቆሙ። "ማን አስተማረሽ?" አሉኝ ስመለስ። አንተ አስተምረኸኝ ነው ወይስ እኔ ሳታውቅ ወስጄብህ?

በመጀመሪያው ቀን ብቻዬን ወደ ሥራ ስሄድ ፈርቼ ነበር፤ ጉዞው ግን ያለ ችግር አለፈ። ስመለስ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ከታች ወንዙ በሚታይበት ቦታ፣ ሞተሩን አቆምኩ። ምንም አልተበላሸም። ማንንም አልጠብቅም። ዝም ብዬ መቆም ስለፈለግኩ ብቻ ነው የቆምኩት። በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ተመላልሼ፣ በራሴ ፈቃድ ቆሜ አላውቅም ነበር። ነፋሱ ደስ ይላል። ረጅም ሰዓት ቆየሁ። አንድ ሽማግሌ በበቅሎ ሲያልፉ "ተበላሸብሽ እንዴ ልጄ? ሰው ልጥራልሽ?" አሉኝ። "አይ አባባ፣ ደህና ነኝ" ስላቸው አላመኑኝም፤ እየዞሩ እያዩኝ ሄዱ። ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። የቱ ለየቱ እንደሆነ ዛሬም መለየት አልቻልኩም።

አዲሱ ዕቃ ወገቤን አያመኝም። ያንተው ያመኝ ነበር፤ እንዳይከፋህ ነው ያልነገርኩህ። ብርድ ላይ ግን ያንተው ይሻላል፤ የአንተ ጎን ነፋሱን ይከልልኝ ነበር። እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አልቻልኩም፤ ሞክሬያለሁ።

መቀመጫውን እማዬ ለማንም አልሰጥም ብላ ከቤቱ ታዛ ሥር በድንጋይ አስደግፋ አቆመችው። አንተ እያለህ "እዚያ ቆርቆሮ ላይ አልወጣም" ብላ አንድ ቀን ያልተቀመጠችበትን፣ አሁን ከሰዓት ከሰዓት ተቀምጣ ምስር ትለቅምበታለች። ከመቀመጫው ጋር ስታወራም ሰምቻታለሁ። ምን እንደምትልህ ግን አልነግርህም፤ የእሷ ነው።

ባለፈው ጁምዓ የእማዬ እህት ለማፍጠሪያ ጠርታን ነበር። "በእግሬ እሄዳለሁ፣ አንቺ በዚያ ሂጂ" ስትል ቆይታ፣ ሰዓቱ ሲመሽባት ከኋላዬ ወጣች። ወገቤን እንዴት አድርጋ እንደያዘችኝ ብታይ! "ቀስ በይ! ኧረ ልጄ ቀስ በይ!" እያለች ሰፈሩን ሁሉ አስወጣችብኝ። መቃብርህ ጋ ስንደርስ ሳላማክራት አቆምኩ። ከሞተሩ ሳንወርድ ሁለታችንም እጃችንን ዘርግተን ዱዓ አደረግንልህ። እሷ ስትጨርስ እኔ ገና ነበርኩ። በልቤ እየጠየቅኩህ ነበር፦ ብረቱን ነው ያላመንከው ወይስ እኔን? ፈርተህልኝ ነው ወይስ እንዳታጣኝ? እማዬ ትንሽ ጠብቃ ትከሻዬን ነካ አደረገችና "በይ ሂጂ፣ አዛን ሊል ነው" አለችኝ።

ሰዎች ስለአንተ ሲጠይቁኝ ለመመለስ የሚመች አንድ ታሪክ መምረጥ እችል ነበር። ጋሽ ታደሰ የሚሉትን ብመርጥ ልቤ ያርፋል፤ እማዬ የምትለውን ብመርጥ ቂም እይዝና እሱም በራሱ መንገድ ያርፋል። አልመርጥም። ቃሌ ይህ ነው አባዬ፤ እንዲመቸኝ ብዬ አሳጥሬ አላስታውስህም። ልጁን ከእጁ ማውጣት የፈራ አንድ ሰው ነበር። ደሴ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ለልጁ ፍሬን የሚሞክር አንድ ሰው ነበር። የትኛው እንደነበርክ ሳላውቅ፣ አላህ ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ ጠዋት ጠዋት ሁለታችሁንም ይዤ እወጣለሁ።

ልጅህ ሀዋ
መካነ ሰላም